ስህተቱ ከየት ተነሣ? የኤፍትሬስ የምላሽ ማሳያ ከጣና ዳር ሲመዘን

ጣና ዳር የውሃ ከፍታ ለመለካት የተተከለች አንዲት ራስበሪ ፓይ 4 የተባለች ትንሽ ኮምፒውተር አለች እንበል። ውሃ ውስጥ ያለው መለኪያ ካነበበው ላይ የአየሩን ግፊት ለመቀነስ ቢኤምፒ280 የሚባለው ሴንሰር አይቱሲ በሚባለው መስመር (አንድ የመረጃ፣ አንድ የሰዓት ሽቦ) ተገናኝቶላታል። አንድ ቀን ይህ ሴንሰር ዝም ይላል። መስመሩ ላይ ማን እንዳለ የሚፈትሸው ፕሮግራም «አይቱሲዲቴክት» ሲጠየቅ በሴንሰሩ አድራሻ በ76 (በ16 ቤት አቆጣጠር፣ ማለትም በሄክስ) ቦታ ሁለት ሰረዝ ብቻ ያወጣል። ሴንሰሩ ኃይል አጥቶ ይሆናል፣ እርጥበት የሽቦውን ጫፍ በልቶት ይሆናል፣ የሰዓት መስመሩን አንድ ነገር ወደ መሬት ጎትቶት ይሆናል። ፕሮግራሙ ለሁሉም የሚሰጠው መልስ ያው ሁለት ሰረዝ ነው። ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ግን የሚያውቀው ከዚህ ይበልጣል፤ መስመሩን የሚያንቀሳቅሰው ክፍሉ፣ ድራይቨሩ፣ እንደ ስህተቱ ዓይነት የተለያየ ቁጥር ነው የሚመልሰው። ቁጥሩ መንገድ ላይ ስለሚዋጥ ብቻ ነው እኛ ጋ የማይደርሰው።

እዚህ የምንገመግመው ያንን ቁጥር ከተወለደበት ቦታ ይዞ የሚያሳየውን፣ የኤፍትሬስ (ከርነሉ ውስጥ የሚሆነውን የሚመዘግበው መሣሪያ) አማራጭ ነው፤ ስሙ «ፈንክግራፍ-ሪትቫል» ይባላል። ዋጋው ነጻ ነው፤ ከሊኑክስ ከርነል ጋር አብሮ ይመጣል። ኤፍትሬስ በዋናነት የስቲቨን ሮስቴት ሥራ ሲሆን ከርነሉ ውስጥ የገባው በ2.6.27፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። «ፈንክሽን ግራፍ» የሚባለው ክፍሉ የትኛው ፈንክሽን የትኛውን እንደጠራና ስንት ማይክሮሰከንድ እንደፈጀ በቅንፍ አስገብቶ እንደ ሲ ኮድ ይጽፋል። ለብዙ ዓመት የጎደለው አንድ ነገር ነበር፦ እያንዳንዱ ፈንክሽን ምን ብሎ ተመለሰ? ይህ የተሟላው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2023 በወጣው ከርነል 6.5 ነው።

መጀመሪያ ማሽናችሁ ላይ መኖሩን አረጋግጡ፣ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነውና። ኡቡንቱ 22.04 ሲወጣ የያዘው ከርነል 5.15 ነው፤ ዴቢያን 12 ደግሞ 6.1። ሁለቱም ላይ የለም። ኡቡንቱ 24.04 በ6.8፣ ዴቢያን 13 በ6.12 ስለመጡ ዕድሜያቸው ይበቃል። ዕድሜ ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም፤ «ኮንፊግ ፈንክሽን ግራፍ ሪትቫል» የሚባለው ምርጫ ካልተነካ ዝግ ነው፣ ስለዚህ ከርነሉን ያጠናቀረው ሰው ሆን ብሎ ከፍቶት መሆን አለበት። ፈጣኑ ማረጋገጫ «ሲስ/ከርነል/ትሬሲንግ/ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብቶ በዚህ ስም ፋይል መኖሩን ማየት ነው። ፋይሉ ካለ ምንም ማውረድ አያስፈልግም። ለከርነል ምርመራ የሚያገለግሉ ሌሎች ብዙ መሣሪያዎች በመቶዎች ሜጋባይት የሚመዝን የዲበግ ፓኬጅ ካልወረደላቸው አይነቃነቁም፤ ዳታ እየቆጠበ ለሚሠራ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ፋይሉ ከሌለ ከርነሉን እንደገና ማጠናቀር ግድ ነው፤ እሱንም ፓይዋ ላይ ከማስኬድ ላፕቶፕ ላይ ለአርም64 (ለፓይዋ የፕሮሰሰር ዓይነት) ማጠናቀር ብዙ ሰዓት ይቆጥባል።

አሠራሩ አጭር ነው። የፋይሎቹን ስም እዚህ በፊደላችን ጻፍነው እንጂ ተርሚናል ላይ ያው በላቲን፣ በቃላቱ መካከል የታች ሰረዝ እየተደረገ ይገባል። ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) ሆናችሁ «ሲስ/ከርነል/ትሬሲንግ» ውስጥ ግቡ። «ሱዶ ኤኮ» ብሎ በቀስት ወደ ፋይል መላክ አይሠራም፤ ሱዶ የሚያገለግለው ለኤኮ ብቻ ነው፣ ፋይሉን የሚከፍተው ግን ያለ ሥልጣን የቆመው ሼል ነው፣ ስለዚህ «ፈቃድ የለም» ይላል። ወይ በ«ሱዶ -ኤስ» ሩት ሁኑ፣ ወይ «ቲ» (tee) በሚባለው ትዕዛዝ አሳልፉት።

ከዚያ «ትሬሲንግ ኦን» ላይ 0 ጽፋችሁ አቁሙት። «ሴት ግራፍ ፈንክሽን» ላይ መነሻ የሚሆነውን ፈንክሽን ስጡ፤ ለኛ ጉዳይ «አይቱሲ_ኤስኤምበስ_ኤክስፈር» ነው። ስሙ «አቬይለብል ፊልተር ፈንክሽንስ» ዝርዝር ውስጥ ከሌለ አይቀበለውም፤ ሞጁል ውስጥ ያለ ፈንክሽን ከሆነ ሞጁሉ አስቀድሞ መጫን አለበት። «ማክስ ግራፍ ዴፕዝ» ላይ 6 በቂ ነው። ይህን ጥልቀት መወሰን የሚዘነጋ ሰው የመቆለፊያና የመርሐ ግብር ፈንክሽን በሺህ ሲዘንብበት ነው የሚያስታውሰው። ቀጥሎ «ከረንት ትሬሰር» ላይ «ፈንክሽን_ግራፍ» ጻፉ፣ በመጨረሻ «ኦፕሽንስ/ፈንክግራፍ-ሪትቫል» ላይ 1። ይህን ቅደም ተከተል ጠብቁ፤ አማራጩን «ትሬስ ኦፕሽንስ» በሚባለው በጋራው ፋይል በኩል ለመክፈት የሚሞክር ሰው ትሬሰሩን ሳይመርጥ ከሄደ ልክ ያልሆነ ግቤት ነው ተብሎ ይመለሳል።

አሁን በአንድ መስመር «ትሬሲንግ ኦን» 1፣ አይቱሲዲቴክት በአድራሻ 0x76 ላይ ብቻ፣ «ትሬሲንግ ኦን» 0 እያላችሁ በሴሚኮለን (;) አያይዙና አስኪዱ። «ትሬስ» የሚባለውን ፋይል ስታነቡ የሚወጣው፣ የሰዓቱ ዓምድና አንዳንድ መስመር ተቀንሶ፣ ይህን ይመስላል፦

አይቱሲ_ኤስኤምበስ_ኤክስፈር() {
  __አይቱሲ_ኤስኤምበስ_ኤክስፈር() {
    አይቱሲ_ኤስኤምበስ_ኤክስፈር_ኢሙሌትድ() {
      __አይቱሲ_ትራንስፈር() {
        ቢሲኤም2835_አይቱሲ_ኤክስፈር() {
          ዌይት_ፎር_ኮምፕሊሽን_ታይምአውት(); /* = 0ኤክስኤፍኤ */
        } /* ቢሲኤም2835_አይቱሲ_ኤክስፈር = -121 */
      } /* __አይቱሲ_ትራንስፈር = -121 */
    } /* አይቱሲ_ኤስኤምበስ_ኤክስፈር_ኢሙሌትድ = -121 */
  } /* __አይቱሲ_ኤስኤምበስ_ኤክስፈር = -121 */
} /* አይቱሲ_ኤስኤምበስ_ኤክስፈር = -121 */

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው ይህ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚነበበው። -121 ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ቢሲኤም2835 ድራይቨሩ ላይ ነው፤ ከሱ በላይ ያሉት ተቀብለው አሳለፉ እንጂ አልፈጠሩትም። ከሱ በታች ያለው የመጠበቂያ ፈንክሽን ደግሞ ሌላ ወሬ ይዟል። እሱ የሚመልሰው የቀረውን ጊዜ ነው። በሰከንድ 250 ጊዜ የሚመታ ከርነል ላይ የአንድ ሰከንድ ቀጠሮ 250 ምት ነው፣ በሄክስ ኤፍኤ። ስለዚህ ድራይቨሩ ጥበቃ ሳይሰለቸው ወዲያው መልስ መጥቶለታል ማለት ነው፤ መልሱ «በዚህ አድራሻ አቤት ያለ የለም» የሚል ነው። ይህ ከሆነ መስመሩ ራሱ ይሠራል፤ የሚፈተሸው የሴንሰሩ ኃይል፣ የሴንሰሩ ሽቦና አድራሻው ነው። ቢኤምፒ280 አንዷ እግሩ በተገናኘችበት ላይ ተመሥርቶ ከ76 ወደ 77 ይቀየራል፤ ያችን እግር ሳያገናኝ በአየር ላይ የተዋት ሰው የሚያየው ይህንኑ -121 ሊሆን ይችላል።

መጠበቂያው 0ኤክስ0 መልሶ ድራይቨሩ -110 ካለ ጉዳዩ ሌላ ነው። ጊዜው አልቋል፤ የጊዜው ዓምድም አንድ ሰከንድ ገደማ ያሳያል። ልውውጡ ተጀምሮ አላለቀም፣ ስለዚህ ዓይን የሚጣለው የሰዓት መስመሩ ላይ ነው፦ ወደ መሬት የነካ ሽቦ፣ ወይም መስመሩን ይዞ የቀረ ሌላ መሣሪያ። ፓይዋን ቤት ውስጥ ሴንሰሩን ምሰሶ ላይ አድርጎ ረጅም ገመድ የዘረጋ ሰውም እዚሁ ሊገባ ይችላል፤ የአይቱሲ ደንብ ለመስመሩ የሚፈቅደው ጠቅላላ ካፓሲታንስ 400 ፒኮፋራድ ብቻ ነው፣ ሜትሮች የሚረዝም ተራ ገመድ ደግሞ ቶሎ ይበላዋል። ሁለቱም አይቱሲዲቴክት ላይ እንደ ሁለት ሰረዝ ይታዩ እንደነበር ልብ ይሏል።

ከታች -121 የነበረው ወደ ላይ ሲወጣ -19 ቢሆን፣ ቁጥሩ የተቀየረበት ፈንክሽን እውነቱን በ«መሣሪያ የለም» ለውጦታል ማለት ነው። ድራይቨር ሲጫን የሚጠሩ ፈንክሽኖች ይህን ጸባይ በብዛት ያሳያሉ። ሎጉ ላይ የሚቀረው -19 ሆኖ ሰው ስንት ቀን የተሳሳተ ነገር ሲፈልግ ይከርማል። መሣሪያው ዋጋውን የሚያወጣው በተለይ እዚህ ነው። ማሽን ሲነሣ የሚታየው -517 ግን አያስደንግጥ፤ የሚፈልገው ነገር ስላልደረሰለት «ቆይተህ ጥራኝ» ማለቱ ነው።

ስኬትም አንድ መልክ የለውም። ሴንሰሩ ተጠግኖ ልውውጡ ሲሳካ ቢሲኤም2835 የሚመልሰው ያስተላለፈውን የመልእክት ብዛት ነው፣ ማለትም 0ኤክስ1 ወይም 0ኤክስ2። ከላይ ያለው የኤስኤምበስ ፈንክሽን ደግሞ 0ኤክስ0 ይላል። ዜሮ ያልሆነ ሁሉ ስህተት ነው ብሎ የሚያነብ ሰው ደኅናውን ድራይቨር ይከሳል። (ሴንሰሩ መናገር ሲጀምርም ቁጥሩን እዩት፦ ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች በከርነሉ የግፊት ፋይል የሚነበበው 82 ኪሎፓስካል አካባቢ መሆን አለበት። 101 ካለ ሴንሰሩ ራሱን ጅቡቲ ወደብ ላይ አድርጎ ነው የሚያየው።)

አሁን ወደ ጉድለቱ እንምጣ። መሣሪያው ያሳየኛል ብለን የምናስበውና የሚያሳየው ነገር አንድ አይደለም። ፈንክሽን ግራፍ የሚሠራው አንድ ፈንክሽን ሲገባ የመመለሻ አድራሻውን ወስዶ በራሱ አድራሻ በመተካት ነው። ፈንክሽኑ ሲጨርስ ወደ ጠሪው የሄደ መስሎት ኤፍትሬስ እጅ ላይ ይወድቃል፤ ኤፍትሬስም በዚያች ቅጽበት መልስ መያዣ የሆነውን ሬጂስተር፣ ኤክስ86 ላይ አርኤኤክስን፣ አርም64 ላይ ኤክስ0ን፣ ገልብጦ ይመዘግባል። ፈንክሽኑ የሚመልሰው ኢንት (ሙሉ ቁጥር) ይሁን ቡል (እውነት ወይም ሐሰት)፣ ፖይንተር (የማስታወሻ አድራሻ) ይሁን ባዶ፣ የሚያውቀው ነገር የለም። የሚታየው እንግዲህ በዚያ ሰዓት ሬጂስተሩ ውስጥ የነበረው ነው።

ከዚህ ብዙ ወጥመድ ይወለዳል። ምንም የማይመልሱ፣ ቮይድ የሆኑ ፈንክሽኖችም ፊት ለፊታቸው ቁጥር ይጻፍላቸዋል። ከላይ ከዘለልናቸው መስመሮች አንዱ «አይቱሲ_አዳፕተር_አንሎክ_በስ» ነው፤ መቆለፊያ ከመፍታት ሌላ ሥራ የለውም፣ ግን አንድ ቁጥር ይዞ ይወጣል። ያ ቁጥር ከሌላ ሥራ የተረፈ ነው፤ አትመልከቱት። ቡል የሚመልስ ፈንክሽን ላይ ቁም ነገሩ ያለው በታችኛዎቹ 8 ቢቶች ብቻ ነው፤ ከላይ ረጅም ቁጥር ተሰልፎ መጨረሻው 00 ከሆነ «ሐሰት» ማለት ነው።

አርም64 ላይ ደግሞ ይብሳል፣ ፓይዋም አርም64 ናት። በዚያ አርክቴክቸር ስምምነት መሠረት ከ64 ቢት ያነሰ መልስ ሲመለስ የላይኛውን ቢት የማጽዳት ኃላፊነት የተቀባዩ ነው፤ መላሹ እንዳለ ሊተወው ይችላል። አንድ ፈንክሽን 64 ቢት ቁጥር ተቀብሎ የታችኛው 32 ቢት ዜሮ ከሆነ 0፣ ካልሆነ -22 የሚመልስ ኢንት ነው እንበል። 8,589,934,592 ሲሰጠው የታችኛው ግማሹ ዜሮ ነውና መልሱ 0 ነው። ኮምፓይለሩ ግን ብልጥ ነው፦ ሬጂስተሩ ታች ዜሮ ስለሆነ ሌላ ዜሮ መጻፍ ሳያስፈልገው ዝም ብሎ ይመለሳል። ጠሪው የታችኛውን ግማሽ ብቻ ስለሚያይ ምንም አይጎድልበትም። ኤፍትሬስ ግን ሙሉውን ሬጂስተር ገልብጦ 8 ቢሊዮን የሚያህለውን ቁጥር በሄክስ ይጽፋል። ኮዱን ያልከፈተ ሰው ፈንክሽኑ ያበደ ይመስለዋል። ስለዚህ ትሬሱን የምታነቡ ከሆነ የዚያው ስሪት ምንጭ ኮድ ጎን ለጎን ይከፈት፤ ቢያንስ የፈንክሽኑ ዓይነት ይታይ።

መልሱ በሁለት ሬጂስተር ተከፍሎ ሲመጣ የሚመዘገበው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ 32 ቢት ኤክስ86 ላይ ለምሳሌ የ64 ቢት መልስ የላይኛው ግማሽ ይጠፋል።

አጻጻፉን በተመለከተ ምርጫው ጥሩ ነው። ቁጥሩ ከ-1 እስከ -4095 ባለው የስህተት ክልል ከወደቀ በአሥር ቤት ከነምልክቱ፣ ካልወደቀ በሄክስ ይጻፋል። የኢንት -121 በ64 ቢት ሬጂስተር ውስጥ ሲቀመጥ ብዙ ጊዜ የላይኛው ግማሽ ዜሮ ሆኖ ታች ስድስት ኤፍና 87 ነው የሚሆነው፤ ከርነሉ ይህን ለይቶ -121 ብሎ ይተረጉመዋል። ስህተት ያዘሉ ፖይንተሮችንም እንዲሁ፤ ፋይል ያላገኘ ፈንክሽን -2 ብሎ ይወጣል። ጥሬውን ማየት የሚፈልግ «ፈንክግራፍ-ሪትቫል-ሄክስ»ን ይክፈት። ከሚታየው ቁጥር ጋር መጣላት ሲጀመር ጥሬው ብዙ ይገላግላል።

ሌላው የጋራ ችግር ኢንላይን ነው። ኮምፓይለሩ ጠሪው ውስጥ ያቀለጣቸው ትናንሽ ፈንክሽኖች ትሬሱ ላይ አይታዩም። -22 ከአንድ ትልቅ ፈንክሽን የመነጨ ቢመስልም በውስጡ የቀለጠ ሌላ ሊሆን ይችላል።

መዝገቡ የሚቀመጠው ራም ላይ ነው፣ ለእያንዳንዱ ሲፒዩ ሳይነካ 1408 ኪሎባይት። ሲሞላ የቆየው ይገፋል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም ይጠፋል፤ ባትሪ ለሌላት ፓይ ይህ እንደ ተራ ነገር መታየት የለበትም። ሊቀመጥ የሚገባውን ወዲያው ወደ ፋይል ገልብጡ። በቋሚነት ክፍት ለመተው ግን ይህ መሣሪያ አይሆንም፤ ጫናውም አለ፣ በምላሽ ቁጥር ማጣራትም አይችልም፣ ሺህ ስኬት ውስጥ አንድ ስህተት መፈለግ ይሆናል።

ለዚያ የአንድን ፈንክሽን መልስ ብቻ ነጥሎ የሚይዘው የከርነሉ ሌላ መሣሪያ፣ «ኬሪትፕሮብ»፣ ይሻላል። ግራፉ ጥፋተኛውን ፈንክሽን አንዴ ከጠቆመ በኋላ «ኬፕሮብ ኢቨንትስ» ላይ ቢሲኤም2835_አይቱሲ_ኤክስፈርን በስሙ ተክላችሁ መልሱን ባለምልክት 32 ቢት ነው ብላችሁ ዓይነቱን ንገሩት፤ ከዚያ በፊልተሩ ከዜሮ በታች የሆነውን ብቻ አስቀሩ። ሳምንት ሙሉ ቢተው የሚጽፈው ሴንሰሩ ዝም ባለ ጊዜ ብቻ ነው። ዓይነቱን ራሳችሁ ስለምትነግሩት ከላይ ያማረርነው የላይኛው ቢት ጣጣም የለም። የሱ እንከን ፈንክሽኑ በአንድ ጊዜ ከብዙ ቦታ ሲጠራ አንዳንዱን ሊያመልጠው መቻሉ ነው፤ «ኬፕሮብ ፕሮፋይል» ያመለጠውን ቁጥር ያሳያል። እና ደግሞ የትኛውን ፈንክሽን እንደምትፈልጉ አስቀድማችሁ ማወቅ አለባችሁ፤ ግራፉ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ቢፒኤፍትሬስ የሚባለው ሌላ የመከታተያ ፕሮግራም ዓይነትን ከከርነሉ ራሱ አንብቦ ስለሚሠራ ከሁለቱም ይልቃል፣ ለብቻው መጫን አለበት እንጂ።

ፋይል በፋይል መጻፍ የሰለቸው «ትሬስ-ሲኤምዲ»ን ይጠቀም፤ በ«ስታርት» አስጀምሮ በ«ሾው» ማየት የከርነሉን ጽሑፍ እንዳለ ያወጣል፣ «ሪሴት» ደግሞ ሁሉንም ወደ ነበረበት ይመልሳል። ከ6.15 ወዲህ «ፈንክግራፍ-አርግስ» ስለተጨመረ ፈንክሽኑ የተቀበለውም ከመለሰው ጋር አብሮ ይታያል።

ከአምስት አራት እንሰጠዋለን። የተቀነሰችው አንዷ ለቮይድ ፈንክሽኖች ቁጥር ስለሚጽፍላቸው ነው፤ ሊተው ይገባው ነበር፣ ጀማሪን ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው እሱ ነው።

ውጤቱን ለሌላ ሰው ከመላካችሁ በፊት አንድ ነገር ይቀራል። ፖይንተር የሚመልሱ ፈንክሽኖች ፊት የሚጻፈው እውነተኛ የከርነል አድራሻ ነው፤ ሌላ ቦታ እንደሚደረገው አልተሸፈነም። ከርነሉ በተነሣ ቁጥር ቦታውን የሚቀያይረው እንዳይገመት ነው፣ እናንተ ግን በቴሌግራም ግሩፕ ለጠፋችሁት። ማሽኑ ገና እየሠራ ከሆነ እነዚያን ረጃጅም ቁጥሮች አጥፍታችሁ ላኩ፤ ለምርመራው የሚፈለገው -121ዱ ነው።